የቅዳሜው ሙሸበክ

በዚያን ዘመን ድሬዳዋ ከሐበሻው ወገን ሰው ሲሞት መጀመሪያ ቄስ ይጠራል፣ ቀጥሎ ሰርካዲስ ትጠራለች። ቄሱ ለሟች ነው፣ ሰርካዲስ ለቋሚ። ሙሾ አውራጅ እሷ ብቻ አልነበረችም። ሸዋገነት የምትባል ድምፀ መረዋ ነበረች፤ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ነጠላዋን አደግድጋ ድንኳን መሀል ስትቆም ከመኳንንት ቤት የተላከች የምትመስል። ሸዋገነትን የሰማ ሁሉ ድምጿን ሲያደንቅ ያመሽና ዓይኑ እንደደረቀ ወደ ቤቱ ይገባል። የሰርካዲስ ድምፅ ግን ሻካራ ነው። የካውያ ከሰል ጭስ ሲምግ የኖረ ጉሮሮ ከዚያ የተሻለ ከየት ያምጣ? ቢሆንም እሷ አፏን ስትከፍት ቂም ይዞ ለይሉኝታ የመጣው ዘመድ ሳይቀር ተንሰቅስቆ ያለቅሳል።

እንጀራዋ ሙሾ አልነበረም፤ ልብስ መተኮስ ነበር። ከዚራ ሠፈር ካሉት ቪላዎች የፈረንጆቹን ሸሚዝና የአልጋ ልብስ በዘንቢል እየተሸከመች ታመጣለች፣ በጓሮዋ ዳስ ሥር ቆማ ስትተኩስ ትውላለች። ሰውንም በልብሱ ታውቀዋለች። የሸሚዙ ክርን ቶሎ የሚሳሳው ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚተክዝ ነው፤ አንገትጌው የሚበላው ዞር ዞር እያለ ኋላውን የሚያይ ፈሪ ነው። እንዲህ እያለች የከተማውን ሰው ገበና በካውያ ስታነብ ኖራለች፤ እግዜር ይመስክርላትና ሐሜት ግን አትወድም ነበር።

ሙሾን ያስተማራት የገዛ ልጇ ሞት ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ጅጅጋ እንደሄደ እዚያው ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። የተረፋት ልጇ አምኃ ነበር። እሱንም በ1939 ዓ.ም. ዝናቡ አባርቶ ወባው ሲነሳ፣ በአራት ዓመቱ፣ በሦስት ቀን ትኩሳት አጣችው። ጎረቤት አዋጥቶ ሸዋገነትን አስጠራላት። ሸዋገነትም ቆመች፤ ያንን የሚያምር ድምጿን ለቀቀችው።

ምሰሶው ወደቀ ዋርካው ተገንድሶ፣
ማን ያስጠልል ይሆን አገሩን መልሶ።

ሰርካዲስ መሬት ላይ ተደፍታ ስትሰማ ቆየችና ቀና አለች። የቱ ዋርካ? ልጇ ከወገቧ በላይ አልደረሰም። የትኛውን አገር ነው ያስጠለለው? ከሐዘኗ ይልቅ ቁጣዋ አስነሳት። ሸዋገነትን በእጇ ገፋ አደረገቻትና በዚያ ሻካራ ድምጿ፣ ዜማ ይሁን ንግግር ባልለየለት አወራረድ እንዲህ አለች፤

ጆሮዬን ሳይጨብጥ እንቅልፍ የማይወስደው፣
ዛሬ ምን ጨበጠ፣ ማን አስተኝቶት ነው?

ድንኳኑ ተናወጠ። እናቶች የየራሳቸውን ጆሮ ያዙ። ከወንዶቹ መሀል ጣሊያን ገርፎት ያላለቀሰ አንድ ሽማግሌ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሰርካዲስን ከወገቧ አቅፋ ይዛ እንዳትወድቅ ያደረገቻት የኔነሽ ነበረች።

የኔነሽ የአምኃ ክርስትና እናት ናት፤ ለሰርካዲስ ደግሞ አበልጅ። ቤታቸውን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ባሏ ገብረ መድኅን ባቡር ጣቢያ የዕቃ መጋዘን ጸሐፊ ነው፤ ዝምተኛ፣ ሰላምታውን እንኳ ቆጥቦ የሚሰጥ ሰው። ልጅ አልነበራቸውም። የክርስትና ልጇ ከሞተ ወዲህ የኔነሽ አንድም ማዕድ ያለ ሰርካዲስ ቀርባ አታውቅም፤ ወይ ትጠራታለች ወይ ምግቡን ይዛ ትሄድላታለች። ሰርካዲስም በተራዋ የገብረ መድኅንን ልብስ ትተኩስላታለች፤ ከአንድ የካኪ ኮት በቀር። "እሷን ተያት አበልጄ፣ እሷን እኔው እተኩሳታለሁ" ትላለች የኔነሽ። ሰርካዲስም ሚስት ለባሏ አንድ ነገር በእጇ ማድረግ ትወዳለች ብላ ትተዋት ነበር።

ከአምኃ ሞት በኋላ ሰው ሁሉ ለሰርካዲስ ይልክባት ጀመር። እሷም የነገሩን ብልት ከመነሻው አውቃዋለች። ቤተ ዘመድን ብትጠይቅ ስለ ሟች አይነግሯትም፤ ሐውልት ነው የሚነግሯት። ስለዚህ ከጓዳ ሠራተኛዋ፣ ከጋሪ ነጂው፣ ከባለ ሱቁ ከጃማዕ ዘንድ ትሄድና "አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፣ ትንሿን" ትላለች። ጉምሩክ የሚሠራ አንድ አለቃ በሞተ ጊዜ ሸዋገነት አንበሳ አለችው፣ ነብር አለችው፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ሰርካዲስ ግን በየጠዋቱ ሥራ ሊገባ ሲል የሠፈሩን ተማሪዎች እርሳስ በኪሱ ሰንጢ ይቀርጽ እንደነበር ተናገረች፤ ያኔ ባለ ሱቁ ጃማዕ ራሱ፣ ሟች በሕይወት ሳለ ሲጣላው የኖረው፣ ከድንኳኑ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰ። ትልቅ ነገር ለሁሉም ይሆናል፤ ትንሽ ነገር ግን የአንድ ሰው ብቻ ናት። ሰርካዲስ ይህን ስታውቅ፣ ሳታውቀው ደግሞ አንድ ክፉ ነገር ለመደች። ያቺን ትንሽ ነገር ስታገኝ ደስ ይላት ጀመር። ሰው ሞቶ እሷ ደስ ይላታል። ማታ ማታ ይቅር በለኝ እያለች ትሰግድ ነበር፤ ደስታው ግን አልለቀቃትም።

በ1949 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ገብረ መድኅን ኩላሊቱን ታሞ በአሥራ አንድ ቀኑ ሞተ። የኔነሽ በእንባ ብዛት ዓይኗ ተደፈነ። "አበልጄ" አለቻት ሰርካዲስን፣ "እሱ የማይናገር ሰው ነበር። አንቺ ተናገሪለት። ሰው ሁሉ ማን እንደነበር ይወቅልኝ።" ሰርካዲስም ማለችላት። ዘመዶቹ በባቡር እስኪገቡ ድረስ ትልቁ ለቅሶ ለሣልስቱ ተቀጠረ፤ ሰርካዲስም ሁለት ቀን አገኘች።

ሁለቱን ቀን ሙሉ ፈለገች፤ አጣች። መጋዘን አብሮት የሚሠራውን ወልደጻድቅን ጠየቀችው፤ "ታማኝ ነበር" ብሎ መሬት መሬቱን አየ። የባቡሩ ዘበኛ "ሰላምታ ይሰጠኛል" አላት። ከዚህ ምን ስንኝ ይወጣል? ለሌላው ሁሉ ያገኘችውን ለአበልጇ ባል ልታጣ ነው። በሣልስቱ ጠዋት ተስፋ ቆርጣ በሯ ላይ እንደተቀመጠች ወተት ሻጯ ካልቱን መጣች።

ካልቱን የሱማሌ ሴት ናት፤ ከንጋት ጀምሮ የግመልና የፍየል ወተት ይዛ ከተማውን ከዳር ዳር የምታዳርስ፣ አንቱታ የሚባል ነገር የማያውቀውን የድሬ አማርኛ ከሱማልኛና ከኦሮምኛ እያጋጨች የምትናገር። ሰርካዲስ እንደ ልማዷ ጠየቀቻት።

"አቦ፣ ገብረ መድኅን ደግ ሰው ነበር ወላሂ" አለች ካልቱን ቅሏን አውርዳ። "እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳቢያን ሠፈር ወተት እወስድ የለ? ሁልጊዜ እዚያ አገኘዋለሁ። ከመጋላ ገበያ ያንን በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ገዝቶ፣ በወረቀት አድርጎ፣ በካኪ ኮቱ ኪስ። ልጅቷ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ፀሐይ ቢሆን ቆማ፣ ዝናብ ቢሆን ቆማ። አንድ ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። አላህ ይማረው።"

በካልቱን ወገን ሁለት ጎጆ ያለው ሰው ሁለቱንም በጠራራ ፀሐይ ያስተዳድራል፤ ስለዚህ ካልቱን የምትሸሽገው ነገር አልታያትም። ሰርካዲስ ደግሞ ልጅ ያልወለደ ሰው የሰው ልጅ ይወዳል ብላ በራሷ አሰበችው። "የማን ልጅ?" ማለት ሁለት ቃል ነው። አላለችም። ያ የለመደችው ደስታ መጥቶባት ነበርና ካልቱን ቅሏን አንስታ ሳትሄድ ስንኙ በራሷ ውስጥ አልቆ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የባቡር ሰዎች በአንድ ወገን፣ የሠፈር ሴቶች በሌላ ወገን። የሟች አክስት፣ ባቡሩ ጠዋት ያወረዳቸው አሮጊት፣ ከፊት ተቀምጠዋል። የኔነሽ የባሏን የካኪ ኮት በደረቷ አቅፋ ቆማለች። ሰርካዲስ መሀል ገባች።

ቅዳሜ ደረሰ፣ ልጅት ደጅ ቆማለች፣
ሙሸበኬን ይዞ የት ቀረ ትላለች።

እንዲህ ያለ ለቅሶ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። በተለይ የባቡር ሰዎቹ ወገን ነጎደ፤ ወልደጻድቅ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ። ሰርካዲስም ለአበልጇ ባል አወጣሁለት ብላ ደገመችው። ሁለተኛውን ስትጨርስ ግን የሠፈሩ ሴቶች ዓይን ለዓይን እንደማይተያዩ አስተዋለች። አሮጊቷ አክስት ጆሯቸው ደከም ያለ ስለሆነ ጮክ ብለው "የማን ልጅ ናት እሷ?" ብለው ጠየቁ።

የባቡር ሰዎቹ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ሰርካዲስ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ተረዳችው፤ ወልደጻድቅ ለምን መሬት መሬቱን እንዳየ፣ ድንኳኑ ለምን እንዲያ እንደነጎደ። ግማሹ ሰው ያውቅ ነበር። የኔነሽ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። ሰርካዲስን አየቻትና ኮቱን እንዳቀፈች ወደ ቤት ገባች። በሩም ከውስጥ ተዘጋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? ስንኟ በሳምንቱ ከመጋላ እስከ ከዚራ ተዳረሰች። ቦኖ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ያንጎራጉሯታል፣ ሥራ ውለው የሚመለሱ ልጃገረዶች ይቀባበሏታል። ለማን እንደተባለች የማያውቅ ሰው እንኳ "ልጅት ደጅ ቆማለች" ሲባል ሆዱ ይባባል። የኔነሽ መስኮት ሥር እያለፉ ሲያንጎራጉሯት ሰርካዲስ በግድግዳው ወዲህ ሆና ትሰማለች፤ ወዲያም እንደሚሰማ ታውቃለች። ስንኝ አውጥታ ታውቃለች እንጂ መልሳ ማስገባት አታውቅም። አንድ ቅዳሜ ልቧ አላስቀምጥ ብሏት ሳቢያን ድረስ በጋሪ ሄደች። ቢሻሮ የምትባል ሴት ቤት በር ላይ የሰባት ዓመት ልጅ ቆማለች፤ የገብረ መድኅን ግንባር ቁርጥ። በመንገዱ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ሰርካዲስ ከጋሪው ሳትወርድ አስመለሰችው።

ወልደጻድቅን ከቄሱ ጋር የኔነሽ ዘንድ ሽማግሌ ላከች። የኔነሽ በክብር ተቀብላ አበላቻቸው። "ቂም የለኝም፣ እግዜር ያውቃል" አለቻቸው። "ግን ድምጿን መስማት አልችልም። ከነሕይወቴ ተዉኝ።" ሰርካዲስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሾ አቆመች። ሲጠሯት "ጉሮሮዬን አሞኛል" ትላለች። ካውያዋን ብቻ ይዛ ቀረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ኖሩ፤ አንዷ ስትስል ሌላዋ ትሰማለች፣ አንዷ በር ስትከፍት ሌላዋ እስክታልፍ ትቆያለች። ሰርካዲስ በየዳግም ትንሣኤው የድፎ ቁራሽ ግድግዳው ላይ ታስቀምጥላታለች፤ በማግስቱ ሳሕኑ ታጥቦ ባዶውን እዚያው ታገኘዋለች። በልታው ይሁን ለነዳያን ሰጥታው አታውቅም።

በ1958 ዓ.ም. የካቲት ላይ ካልቱን በቀትር መጥታ "የኔነሽ እየጠራችሽ ነው" አለቻት። ሰርካዲስ የያዘችውን ካውያ ሸሚዙ ላይ ትታው ሄደች፤ የፈረንጁ ሸሚዝ ተቃጠለ።

የኔነሽ እግሯ አብጦ፣ ፊቷ ደግሞ ሟሽሾ አልጋ ላይ ነበረች። "ተቀመጪ አበልጄ" አለቻት። ያቺ ቃል በዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያዋ ነበረች፤ ሰርካዲስ መደቡ ላይ ተቀምጣ እንባዋን መቆጣጠር አቃታት።

"አታልቅሺ፣ ገና ነኝ" አለች የኔነሽ። "አንድ ነገር ልንገርሽ። አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ልጅቷን። ያንን የካኪ ኮት አንድ ቀን እንኳ ላንቺ ያልሰጠሁሽ ለምን ይመስልሻል? ኪሱ የሙሸበክ ዘይት ነበረዋ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በሳሙና አሽቼ እኔው አጥበው ነበር። አምስት ዓመት። አንቺ ብታዪው ታውቂዋለሽ ብዬ።"

የኔነሽ ትራሷን ደገፍ ብላ ቀጠለች።

"እሱ አታውቅም ብሎ ይኖር ነበር፤ እኔም እንደማላውቅ ሆኜ እኖር ነበር። ሰው ቢያማኝ ከጀርባዬ ነው፣ ከፊቴ ሲመጣ 'እንደምን ዋልሽ የኔነሽ' ነው የሚለኝ። ያ ነበር ቤቴ፣ አበልጄ። አንቺ በሁለት መስመር አፈረስሽብኝ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ሲያየኝ ያዝንልኝ ጀመር።"

"በእግዚአብሔር ስም፣ አላወቅሁም ነበር።"

"እንዳላወቅሽማ አውቃለሁ። ብትጠይቂ ግን ታውቂ ነበር። አልጠየቅሽም፣ ነገሩ ስላማረሽ።"

ይህን ዘጠኝ ዓመት ለራሷ ሳትለው የኖረችውን ነገር ሌላ ሰው ሲለው መስማት ሰርካዲስን አስጎነበሳት። እውነት ስለሆነም አልተከራከረችም። የኔነሽ እጇን ዘርግታ የሰርካዲስን እጅ ያዘች፤ መዳፉ በካውያ የሻከረውን እጅ።

"ስሞት አንቺ ነሽ የምታለቅሺልኝ። ሌላ ሰው አላስጠጋም። ግን የኔ የሆነ አንዲት ነገር እንዳትናገሪ። ትንሽም ብትሆን። እንደ ማንም ሰው አልቅሺልኝ። ሸዋገነት ለሁሉም የምትለውን በይልኝ፤ ምሰሶ በይኝ፣ ዋርካ በይኝ።"

"እሱ እኮ ማንንም አያስለቅስም።"

"ማንም እንዲያለቅስ መች ፈለግሁ? ዳግመኛ ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም። በአምኃ ነፍስ ማዪልኝ።"

ሰርካዲስ በአምኃ ነፍስ ማለችላት። በአራተኛው ቀን የኔነሽ አረፈች።

ሰርካዲስ ልታወርድ ነው የሚለው ወሬ ከአስከሬኑ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። በሣልስቱ ድንኳኑ አልበቃ ብሎ ሰው መንገድ ላይ ቆመ። ዘጠኝ ዓመት ድምጿን የናፈቁ ነበሩ፤ መሐረባቸውን አዘጋጅተው የመጡ ነበሩ። ሰርካዲስ ነጠላዋን አደግድጋ ልትገባ ስትል ካልቱን ከድንኳኑ ጀርባ ክንዷን ያዘቻት። ዓይኗ ቀልቷል።

"ለሙሾሽ ነገር አለኝ" አለቻት።

"አትንገሪኝ ካልቱን። ዛሬ አትንገሪኝ።"

"ለማን ልንገረው ታዲያ? ዘጠኝ ዓመት ሆዴ ውስጥ ነው፣ ወላሂ ከበደኝ። የገብረ መድኅን ሣልስት ያለፈ ጊዜ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ የኔነሽ ጠራችኝ። ሙሸበክ በወረቀት ሰጠችኝ። 'ለልጅቷ አድርሺልኝ፣ አባትሽ ትቶልሽ ነው በያት፣ የኔን ስም ከጠራሽ ተጣላን' አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ ቀን ሳይቀር። ልጅቷ አሁን በቁመት በልጣኛለች፣ አሁንም በር ላይ ትጠብቀኛለች። ባለፈው ቅዳሜ የኔነሽ መነሳት ሲያቅታት፣ 'አንቺው ግዢና አድርሺ' ብላ ላከችኝ።"

ሰርካዲስ የድንኳኑን ገመድ ይዛ ቆመች። ስንኙ መጣላት። ሳትጠራው፣ ሳትፈልገው፣ ቤት መትቶ፣ ከራስ እስከ እግሩ ሙሉ ሆኖ መጣላት፤ ከዚያች ከልጅት ስንኝ የበለጠ፣ ለአምኃም ካለችው የበለጠ። ይህን ብትለው ድሬዳዋ ለአንድ ትውልድ እንደማትረሳው ታውቃለች። የኔነሽን እንደ ተታለለች ሚስት ሲያዝንላት የኖረ ሰው ሁሉ ተነስቶ እጅ ይነሳት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይቀበራል? ለአበልጇ ክብርስ ቢሆን ማለቱ አይሻልም? እነዚህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበች። ያቺ የጥንት ደስታዋም ብቅ ስትልባት አወቀቻት፣ ፈራቻትም። ከዚያ ገባች።

ሰርካዲስ አስከሬን የነበረበትን አልጋ አየች፣ አፏን ከፈተች።

ምሰሶው ወደቀ ዋርካው ተገንድሶ፣
ማን ያስጠልል ይሆን አገሩን መልሶ።

ሰው ቀጣዩን ጠበቀ። ሰርካዲስ ያንኑ ደገመችው። ቀጥላ የጀግና ልጅ አለቻት፤ የኔነሽ አባት ሸማኔ ነበር። ቀጥላ የአገር ጥላ አለቻት፣ የወርቅ ምንጣፍ አለቻት፣ ለሁሉም የሚባለውን ሁሉ አለችላት። ጥግ ላይ የተቀመጠችው ሸዋገነት፣ አሁን ጥርሷ የረገፈ፣ ስንኙ የራሷ ስለሆነ ደስ ብሏት በዚያ እስከ ዛሬ ባልተሰበረ ድምጿ ትቀበላት ጀመር። አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጆሮ ጠጋ ብላ "አረጀች በቃ" አለች። "ለገዛ አበልጇ እንኳ የምትለው ጠፋት?" አለች ሌላዋ። መሐረቦቹ ታጥፈው ወደ ኪስ ተመለሱ፤ ወደ ኋላ ያሉትም ሹልክ ሹልክ ማለት ጀመሩ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የምታለቅስ አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ እሷም እያለቀሰች ዋርካ ዋርካ ትላለች። ሰውም ሙያዋ ስለከዳት ነው የምታለቅሰው ብሎ አዘነላት።

ድንኳኑ ሲፈርስ ካልቱን ተቆጥታ መጣች። "ለምን አላልሽም? ሁሉም እየተነሳ ሄደ እኮ!"

"የሷ ነው" አለች ሰርካዲስ። "የኔ አይደለም።"

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ሰርካዲስ በጠዋት ተነስታ መጋላ ወረደች። ከሰል አያይዛ ካውያዋን ከመሙላቷ በፊት ተመልሳ በሯ ላይ ተቀመጠች። ካልቱን ወተቷን ይዛ ስትመጣ በወረቀት የተጠቀለለውን ሙሸበክ ዘረጋችላት። ዘይቱ በወረቀቱ ጠልቆ መዳፏን ነክቷታል።

"ምን ልበላት?" አለች ካልቱን።

"አባትሽ ትቶልሽ ነው በያት።"

ካልቱን ሙሸበኩን ተቀብላ ከወተቱ ቅል በላይ አስቀመጠችውና የሳቢያንን መንገድ ይዛ ሄደች።